ከስማቸው የሚያንሱና ከስማቸው የሚበልጡ ምግቦች፦ የቱን በየቱ እንለውጥ?

እ.ኤ.አ. በ1768 እንግሊዛዊው የባሕር አዛዥ ጄምስ ኩክ ኢንዴቨር በተባለችው መርከብ ወደ ደቡብ ፓሲፊክ ሲነሣ፣ ከስንቁ መካከል በጨው የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን በበርሜል በበርሜል ጭኖ ነበር። ድድ የሚያደማውንና ጥርስ የሚያረግፈውን ስኩርቪ የተባለ በሽታ ይከላከላል ተብሎ ነው። መርከበኞቹ ግን አንበላም አሉ። ኩክ መላ ዘየደ፦ ጎመኑ በየቀኑ መኮንኖቹ ማዕድ ላይ ይቅረብ፣ ተራው መርከበኛ ግን ከፈለገ ይብላ፣ ካልፈለገ ይተው ብሎ አዘዘ። ሳምንት ሳይሞላ ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሣ ለእያንዳንዱ ሰው በራሽን ማከፋፈል ግድ ሆነ።

ጎመኑ ያው ጎመን ነው። የተለወጠው ማን ሲበላው እንደታየ ብቻ ነው።

የሎብስተር ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ይህ ባለ ትልልቅ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ እንደ ልብ ስለሚገኝ የድሃ ምግብ ነበር፤ ለእርሻ ማዳበሪያም ያውሉት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡሩና የቆርቆሮ እሽጉ ከባሕር ርቆ ለሚኖረው ሰው ሲያደርሱት፣ የድሃ ምግብነቱን ያልሰማው ሁሉ እንደ ብርቅ ተቀበለው። ዛሬ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ "የዚህ ምግብ ዝና ከጣዕሙ ይበልጣል"፣ "ያኛው ያለ ጥፋቱ ተንቋል" እያልን ስንከራከር፣ ግማሹ ክርክር ስለ በላተኛው እንጂ ስለ ምግቡ አይደለም። ከዚህ በታች የማነጻጽረው የቀረውን ግማሽ ነው፤ ስሙ ተገፎ አፍ ውስጥ የገባው ነገር በራሱ ስንት ያወጣል?

መጀመሪያ መለኪያው

አለመውደድ ሌላ፣ ያለ ልክ መወደስ ሌላ። እኔ የተቀቀለ ካሮት አልወድም፤ ይህ የእኔ ጉዳይ እንጂ የካሮት ጥፋት አይደለም። የድንብላል ቅጠል አንዳንድ ሰው አፍ ውስጥ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ከማሽተት ጋር የተያያዘ አንድ ዘረመል እጁ እንዳለበት ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ስለ ድንብላል መሟገት ጉንጭ ማልፋት ብቻ ነው።

አንድ ምግብ በዝና ብቻ እንደሚኖር የምለየው በሦስት ጥያቄ ነው። ቅባቱን፣ ስኳሩን፣ ማባያውን ብናነሣለት ምን ይቀረዋል? ስሙን ሳላውቅ ብቀምሰው ልጨምር እል ነበር? በሳህኑ ላይ የሚሠራውን ሥራ ሌላ ርካሽ ነገር አይሠራውም? ሦስቱንም የወደቀ ምግብ በእርግጥ ስሙ ተሸክሞታል። አንዱን ብቻ የወደቀውን ግን ማዘን ነው፤ ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ገብቶ ነው።

ቫኒላ ወይስ ቸኮሌት?

አይስክሬም ቤት ገብቶ "ቫኒላ" ያለ ሰው ምርጫ እንደሌለው ይቆጠራል። ከሁሉም ንቀት የሚያናድደኝ ይህ ነው። ቫኒላ የኦርኪድ ዘር የሆነ ሐረግ ፍሬ ነው። እያንዳንዱ አበባ የሚከፈተው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ከተፈጥሮ ሀገሩ ከሜክሲኮ አካባቢ አውጥተው ሌላ ቦታ ሲተክሉት አበባ እንጂ ፍሬ አልሰጥ ብሎ ብዙ ዘመን አስቸገረ። እ.ኤ.አ. በ1841 መላውን ያገኘው በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው በሬዩንዮን ደሴት በባርነት ይኖር የነበረ ኤድሞን አልቢዩስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ነው። በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣቱ አበባውን በእጅ የማዳቀል ዘዴ ፈጠረ። ዛሬም የማዳጋስካር ቫኒላ የሚመረተው በዚያው ልጅ ዘዴ፣ አበባው አንድ በአንድ በሰው እጅ እየተነካ ነው። ፍሬው ለመድረስ ዘጠኝ ወር ገደማ ይፈጃል፤ ለማብላላትና ለማድረቅ ደግሞ ተጨማሪ ወራት። ከሳፍሮን ቀጥሎ ውዱ ቅመም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ለምን ተናቀ? አብዛኞቻችን ቀምሰነው ስለማናውቅ ነው። "ቫኒላ" ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ነገር ከፋብሪካ የወጣ ቫኒሊን ነው፤ ቫኒሊን ደግሞ እውነተኛው ፍሬ ከያዛቸው በመቶዎች ከሚቆጠሩ የሽታ ውህዶች አንዱ ብቻ ነው። አይስክሬሙ ውስጥ ጥቋቁር ነጥብ ማየትም ዋስትና አይሆንም፤ ጣዕሙ ተመጥጦ ያለቀ ፍሬ ተፈጭቶ ለዓይን ማማለያ ይጨመራልና።

ምርጫው እንግዲህ እንዲህ ነው፦ ኬክና ብስኩት ከሆነ የምትጋግሩት ለእውነተኛው ቫኒላ ገንዘብ አታውጡ፤ ረቂቁን ሽታ የምድጃው ሙቀት ያጠፋዋል። አይስክሬም፣ ክሬም ወይም ሌላ ብዙ የማይሞቅ ነገር ከሆነ ግን እውነተኛውን ግዙ። ቸኮሌትን በተመለከተ ክስ የለኝም፤ ብቻ ብርዱ ምላስን ስለሚያደነዝዝ ጥሩ ቸኮሌት በአይስክሬም መልክ ብዙ ጣዕሙን ያጣል። ቸኮሌት ሳይቀዘቅዝ፣ ቫኒላ ቀዝቅዞ።

ሬድ ቬልቬት ወይስ የካሮት ኬክ?

ሬድ ቬልቬት ኬክ ጥቂት ካካዎና ብዙ ቀይ ቀለም ነው። ቀለሙ ጣዕም የለውም፤ ካካዎው ደግሞ ቸኮሌት እንዳይባል አንሷል፣ ተራ ኬክ እንዳይባል በዝቷል። ሰው ሁሉ የሚወድደው ላዩ ላይ የተቀባውን የክሬም ቺዝ ቅብ ነው። ቅቡን አንሥታችሁ ኬኩን ለብቻው ቅመሱት፤ የመጀመሪያው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚሠራው።

የካሮት ኬክ ያንኑ ቅብ ይቀባል። ከሥሩ ግን ቀረፋ አለ፣ ለውዝ አለ፣ የተፈገፈገው ካሮት እርጥበቱን ስለሚይዝለት በሦስተኛው ቀንም አይደርቅም። ካሮት አልወድም ያልኩት እኔ ነኝ ይህን የምለው።

ዓይን ምላስን ሲያታልል ከዚህም የባሰ ታሪክ አለው፤ የፖም ታሪክ። ሬድ ዴሊሸስ የተባለው ደማቅ ቀይ ፖም እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ በአሜሪካ አዮዋ ግዛት በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ሲገኝ ጣዕሙ የተመሰከረለት ነበር። ገበያው ግን ቅላቱንና ቅርጹን ወደደ። አብቃዮቹ ይበልጥ የቀላውን፣ ቆዳው የወፈረውን፣ መንገድ የሚችለውን እየመረጡ ሲያባዙ፣ ከዓመታት በኋላ ውስጡ እንደ እርጥብ ዱቄት የሚፈረፈር ውብ ፍሬ እጃቸው ላይ ቀረ። ቢሆንም ከሃምሳ ዓመት በላይ በአሜሪካ በብዛት የሚመረት ፖም ሆኖ ቆይቶ፣ ጋላ የተባለው ዝርያ የቀደመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ፖም ስትመርጡ ቅላቱን ትታችሁ ክብደቱንና ጥንካሬውን በእጃችሁ መዝኑ።

የትራፍል ዘይት ወይስ እንጉዳይ?

ትራፍል ከመሬት ሥር የሚበቅል፣ በሠለጠነ ውሻ አፍንጫ የሚፈለግ የእንጉዳይ ዘመድ ነው። እሱን የቀመሰ ሰው ዝናውን ቢያምን አልፈርድበትም። የምከሰው ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ነው። የገበያው የትራፍል ዘይት በብዛት ትራፍል ያልነካው ነው፤ ሽታው በቤተ ሙከራ ከሚሠራ አንድ የሰልፈር ውህድ ይመጣል። የእውነተኛው ትራፍል መዓዛ በቀናት ውስጥ የሚበንና ሙቀት የማይወድ ስለሆነ ጠርሙስ ውስጥ ወራት ሊቆይም አይችልም። ድንች ጥብስ ላይ ሁለት ጠብታ አድርገው ዋጋውን እጥፍ የሚያደርጉባችሁ በዚህ ነው።

ተራው እንጉዳይ ደግሞ ምን በደለ? ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለው ጃፓናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር አረም ውስጥ ግሉታሜትን ለይቶ "ኡማሚ" ያለው ጣዕም፣ ማለትም ሥጋ ሥጋ የሚለው ያ ጥልቅ ስሜት፣ እንጉዳይ ውስጥም በሽ ነው። ሰው እንጉዳይን የሚንቀው አበሳሰሉን ስለሚያበላሽበት ነው። መጥበሻው ላይ ይጨናነቅና በራሱ ውሃ ይቀቀላል፣ ከዚያ "ጎማ ነው" ይባላል። መጥበሻው በደንብ ይጋል፤ እንጉዳዩ በስሱ ይበተን፤ ውሃው ተንኖ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን አትንኩት፤ ጨው በመጨረሻ። ከዚያ በኋላ ከትራፍል ዘይቱ ጋር አወዳድሩትና ንገሩኝ።

(ሥጋ ላይ የወርቅ ወረቀት ለጥፈው የሚሸጡትን አልቆጠርኳቸውም። ወርቅ ጣዕም የለውም፤ ንጽጽር አያስፈልገውም።)

"ሱፐርፉድ" የሚባሉት

ሱፐርፉድ የሻጭ ቃል ነው፤ በሳይንስ የታወቀ ትርጉም የለውም። ምግቦቹ ግን መጥፎ አይደሉም፤ ስለዚህ ፍርዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ኪንዋ የተባለውን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እህል ከምስር ጋር እናስተያይ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2013ን የኪንዋ ዓመት፣ 2016ን ደግሞ የጥራጥሬ ዓመት ብሎ ሰይሟቸዋል። የመጀመሪያው ከተማውን ሁሉ አዳረሰ፤ ሁለተኛውን ያስታወሰው የለም። አሁን ቁጥሩን እዩ። 100 ግራም የበሰለ ኪንዋ 4 ግራም ከምናምን ፕሮቲንና 3 ግራም የማይሞላ አሠር ይሰጣል። ያንኑ ያህል የበሰለ ምስር 9 ግራም ፕሮቲንና 8 ግራም ገደማ አሠር አለው። ለኪንዋ የሚቆመው ሰው "የእኔው ሁሉንም አስፈላጊ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) አሟልቷል" ይላል፤ እውነቱን ነው። ምስር ሜቲዮኒን በተባለው አሚኖ አሲድ ይደኸያል። ይሁን እንጂ ምስርን ብቻውን ማን ይበላል? ከሩዝ ወይም ከዳቦ ጋር ሲቀርብ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል። በስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የማይስማማው ሰው፣ ወይም ሩዝ የሰለቸው ሰው ኪንዋ ይብላ፤ ሲያበስለው ግን አስቀድሞ በደንብ ይጠበው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ሳፖኒን ይመርራል። ለፕሮቲን ብሎ የሚገዛው ግን ምስሩን አልፎ መሄዱ ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ቺያ የተባለው ጥቃቅን ፍሬም ከተልባ ጋር ያለው ነገር እንዲሁ ነው። ኦሜጋ 3 በተባለው ጠቃሚ ቅባት ተልባ ይበልጣል፤ ከ100 ግራም 22 ግራም ገደማ ሲኖረው ቺያ 17 ገደማ አለው። የተልባ ችግሩ ካልተፈጨ እንዳለ ገብቶ እንዳለ መውጣቱ ነው። መፍጫ ያለው ተልባ፣ የሌለው ቺያ።

ብሮኮሊና ጥቅል ጎመን ላይ ግን አላዳላም። ሁለቱ፣ ከአበባ ጎመን ጋር፣ አንድ የዕፅዋት ዝርያ ናቸው፤ የተለያዩት በሰው ምርጫ ብቻ ነው። በቫይታሚን ሲ ብሮኮሊ ከእጥፍ በላይ ይበልጣል፣ ዝናው ይገባዋል። ጥቅል ጎመን ግን ሳምንታት ሳይበላሽ ይቀመጣል፣ በጥሬው ይበላል፣ ይኮመጥጣል፣ ይጠበሳል። ለአራት ተከፍሎ እየጋለ ባለ ብረት ላይ ጠርዙ እስኪጠቁር ቢቀመጥ የሚወጣው ጣፋጭነት ጣት ያስቆረጥማል። የጎመን መጥፎ ስም የመጣው ለረጅም ሰዓት ከመቀቀሉ ነው፤ ሲቆይ ነው ያ የሰልፈር ሽታ የሚወጣው።

የኮኮናት ዘይት፦ ስሙ በጤና የገነነ ቢሆንም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የረጋ ቅባት ነው፤ ከቅቤም ይብሳል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር አልደገፈውም። ለሽታው ብላችሁ ብትጠቀሙበት መልካም፤ ለልባችሁ ብላችሁ ከሆነ ግን የወይራ ዘይት።

ሮዝ ጨው፦ ፓኪስታን ውስጥ ኬውራ ከተባለ የማዕድን ማውጫ ይወጣል፤ ቀለሙ ከብረት ዝገት ነው። አብዛኛው ክፍሉ፣ 98 በመቶ ያህሉ፣ ያው የገበታ ጨው ነው፤ የቀሩት ማዕድናት ኢምንት ናቸው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ በስዊዘርላንድና በአሜሪካ አዮዲን የገባበት ተራ ጨው እንቅርትን ከብዙ ቤት አስወጥቷል። ይህን የመሰለ ውለታ የዋለ ምግብ እንደ ርካሽ ሲታይ ይገርመኛል። ሮዙ ለዓይን ያምራል፣ እስማማለሁ።

ሥጋና ዓሣ

የዶሮ ደረት ወይስ ታፋ? ደረቱ ፕሮቲኑ ይበዛል፣ ቅባቱ ያንሳል፤ ክብደት የሚቆጥር ሰው ይምረጠው። ለጣዕም ግን ታፋው ነው። ዶሮ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው በእግሯ ስለሆነ እዚያ ያለው ጡንቻ ይጠቁራል፣ ቅባትና ጅማት ይይዛል። ጅማቱ ቀስ ብሎ ሲበስል ይቀልጥና ሥጋውን ያረጥበዋል። ደረቱ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መውጣት አለበት፤ ጥቂት ደቂቃ ካለፈው እንጨት ይሆናል። ታፋው ሃያ ደቂቃ ብትረሱትም ይቅር ይላችኋል። በዚህ አንጻር ደረት በማብሰል የሠለጠነ ሰው ምግብ ነው።

የበሬ ፊሌቶም እንደዚያው። በጀርባው ውስጥ ተኝቶ ምንም የማይሠራ ጡንቻ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ ለልስላሴው ተከፍሎበታል፣ ጣዕሙ ግን ከሁሉም ደብዛዛ ነው። ጥርስ ለሌለው ሰው እሰጠዋለሁ። የእግሩን ሥጋ ከነአጥንቱ ሦስት ሰዓት ቀስ አድርጎ የሚቀቅል ሰው የበሬውን ትክክለኛ ጣዕም ያገኛል።

በቆርቆሮ ከሚታሸጉት ዓሦች ደግሞ ቱና ወይስ ሰርዲን? እዚህ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ቱና ትልቅ አዳኝ ዓሣ ነው፤ ትንንሾቹን እየበላ ሲኖር በእነርሱ ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ያጠራቅማል፣ ነፍሰ ጡሮችም መጠኑን እንዲወስኑ የሚመከሩት ለዚህ ነው። ሰርዲን ትንሽ ናት፣ ዕድሜዋ አጭር ነው፣ ምግቧ ረቂቅ የባሕር ፍጥረት ነው፤ ሜርኩሪው ያንሳል፣ ኦሜጋ 3 ይበዛል። አጥንቷ ለስልሶ አብሮ ስለሚበላ ከ100 ግራሟ የሚገኘው ካልሲየም ከዚያው ያህል ወተት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የምትሸነፈው በጠረኗ ነው። ሎሚ፣ ቃሪያና የተጠበሰ ዳቦ ይህን ችግር ይጨርሱታል።

ትኩስ ወይስ የታሸገ?

"ትኩስ" የሚለው ቃል ራሱ ከሚገባው በላይ የተወደሰ ነው። አተር ከተቀጠፈ ሰዓት ጀምሮ ስኳሩ ወደ ስታርች ይለወጣል፤ በሰዓታት ውስጥ የቀዘቀዘው አተር ሦስት ቀን መደርደሪያ ላይ ከሰነበተው "ትኩስ" ይጣፍጣል። ቲማቲምም ያለ ወቅቱ በአረንጓዴው ተለቅሞ በመንገድ ላይ የቀላ ከሆነ፣ ለወጥና ለስጎ የቆርቆሮው ይበልጠዋል፤ የቆርቆሮው በስሎ ነው የተለቀመው። ለሰላጣ ግን ቆርቆሮ አይሆንም፤ ወቅቱን ጠብቁ፣ ካገኛችሁም ፍሪጅ አታስገቡት። ቅዝቃዜው መዓዛውን ይገድለዋል።

ቶሎ ቶሎ የሚፈረድባቸው

አቮካዶ ያለ ቦታው የተበደለ እንጂ የተጋነነ አይደለም። በጥሬው፣ ጨውና ሎሚ ነክቶት ወደር የለውም፤ እሳት ካየ ይመርራል። ቡናማ እንቁላል ከነጩ አይበልጥም፤ የቅርፊቱ ቀለም የዶሮዋ ዝርያ ጉዳይ ነው። የብርቱካን ጭማቂ ከብርቱካኑ ያንሳል፤ አሠሩ ተጥሎ የሦስት ፍሬ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ይገባል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የጭማቂን ስኳር የሚቆጥረው ቢቀነስ ከሚለው ስኳር ጋር ነው። አፍ ከሚከፈተው በላይ የተቆለለ በርገር ለፎቶ ነው። አጃ ከተቀባባው የቁርስ እህል ይበልጣል፤ ክርክሩ እዚህ ያበቃል።

ቤት ውስጥ መፍረጃው

ከጓደኛችሁ ጋር ካልተስማማችሁ ዓይን ሸፍኖ መቅመስ ነው። ዓይን ምን ያህል እንደሚያስት ለማወቅ በቦርዶ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ይበቃል፦ 54 የወይን ጠጅ ተማሪዎች ቀይ ቀለም የተጨመረበትን ነጭ ወይን ሲቀምሱ፣ የገለጹት ለቀይ ወይን በሚውሉ ቃላት ነበር። ለመጠጡ የሚማሩት ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

ሁለቱ ምግቦች ሙቀታቸው እኩል ይሁን፣ ቁራሹ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ያቀረበው ሰው የትኛው የቱ እንደሆነ እንዳያሳብቅ ዝም ይበል። አንዴ ብቻ መቅመስ በቂ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን እየቀያየሩ ሦስት ጊዜ። በመካከሉ ውሃ።

እኔም ስለ ታፋ ስፎክር ጓደኞቼ ይህንኑ አደረጉብኝ። ዓይኔን አስረው ሁለት ሁለት ጉርሻ ሰጡኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ አንዱን መረጥኩ፣ "ይኸው ታፋው!" አልኩ በኩራት። ደረቱ ነበር። ያበሰለችው ጓደኛዬ በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ጨው አሟሙታ ለሦስት ሰዓት ዘፍዝፋው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ደረትን በደፈናው አላማም፤ ጨው ውሃ ያላየውን ደረት ግን አሁንም አማዋለሁ።